ካናውን ለምን ነቀላችሁት?

ለከተማችን የፍሳሽና የጎርፍ ውሃ ሥራ ኃላፊ፣

ማመልከቻ አስገብተናል። ቢሮዎ ድረስ መጥተናል። «እናየዋለን» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘንም። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

ሠራተኞችዎ በሰፈራችን ቦይ ዳር የነበረውን የካና አበባና የደንገል መደብ ነቅለው፣ ጠጠሩን ጭነው ወስደው፣ ቦታውን በሲሚንቶ ደፍነውታል። ለምን ስንል አለቃቸው «አበባ ነው፣ ሌላ ቦታ ትከሉ። ደግሞ ቢምቢ ይራባበታል» አለን። መደቡን ሲንከባከቡ የኖሩት፣ ሰፈሩ በሙሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤታችን «ልጄ፣ ቆይ ላስረዳህ» እያሉ ሲለምኑት ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አንድ ነገር ከመፍረሱ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ለእኛ የደረሰን ወረቀት የለም።

ያ መደብ ውሃ ያጣራ ነበር። የየቤቱ እጣቢ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ አርፎ ደለሉንና ቅባቱን ይተዋል። ከዚያ በጠጠሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ጠጠሩና ሥሩ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። ሥሩ ጥቂት ኦክስጅን ስለሚለቅ በዙሪያው አሞኒያ የሚባለው የእጣቢው የናይትሮጅን ውህድ ናይትሬት ወደሚባል ሌላ የናይትሮጅን ውህድ ይቀየራል። አየር በማይደርስበት በኩል ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይመልሱታል። ተክሉም ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ ድርሻውን ወስዶ ያድግበታል። ሲታጨድ የወሰደው አብሮ ይወጣል። ካና የሚመረጠው ቶሎ ስለሚያድግ፣ ሥሩ ስለሚንሰራፋና ርጥበት ስለሚችል ነው። ማማሩ ተጨማሪ ነው።

ቢምቢውስ? ቢምቢ የሚራባው ገላጣና የቆመ ውሃ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት መደብ ውሃው የሚሄደው ከጠጠሩ በታች ነው። ጠጠሩ ተደፍኖ ውሃው ወደ ላይ ከወጣ መጽዳት አለበት እንጂ መፍረስ የለበትም።

ነገሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊቷ ካቴ ዛይደል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በረግረግ ተክሎች ፍሳሽ ማጣራትን ሞክራ አሳይታለች። በአሜሪካ ሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመንገድና ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚቀበሉ የተክል መደቦች መሥራት ተጀመረ። የመጀመሪያው ዝናብ የመኪና ዘይቱን፣ የጎማ ብናኙንና አቧራውን ጠርጎ እንደሚወርድ መሥሪያ ቤትዎ ያውቃል። የእኛም መደብ ያንን ይዞ ያስቀር ነበር። ሲሚንቶው ግን ምንም ሳያስቀር በፍጥነት ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል።

ውሃው ይጠጣል አላልንም። መደቡ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም፤ የሽንት ቤት ፍሳሽም እንዲሁ አይለቀቅበትም። ይህን እያወቅን ነው የሠራነው። አንድ ባለሙያ ልካችሁ ከመደቡ የሚወጣውን ውሃ ብታስመረምሩ ኖሮ ክርክሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

አሁን የምንጠይቀው ይህን ነው። መደቡን ለማፍረስ ማን እንደወሰነና በየትኛው ደንብ እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሩን። ሲሚንቶው ተነሥቶ ጠጠሩ ይመለስ። ተክሉን እኛው እንተክላለን። እማማን ደግሞ ያ አለቃ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃቸው።