የሳምንቱ ሐዘን በጸሎታችን ውስጥ ስም ይኑረው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ጦርነት፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በተሰማበት ሳምንት ለአምልኮ ተሰብስበን ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል ሳይነሳ የምንበተንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። «የተጨነቁትን ሁሉ አስብ» ይባላል፤ አሜን እንላለን። ደጅ ስንወጣ ግን ወሬው ሁሉ ስለዚያው አደጋ ነው። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ምስሉ ይታያል። ቅድም አጠገባችን ዝም ብላ ቆማ የነበረች ሴት «ወንድሜ እዚያ ነው፤ ስልኩ አይነሳም» ትላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ሰው አብሯት ሊጨነቅላት ሲችል ጭንቋን ብቻዋን ይዛ መቆየቷ።

ቤተ እምነት የፖለቲካ መድረክ አይሁን የሚሉ ሰዎች ስጋት ይገባኛል። ሰባኪው የአንድ ወገን ቃል አቀባይ ሲሆን ምእመኑ እዚያው ለሁለት ይከፈላል። ሆኖም የዘመኑን ጭንቀት በግልጽ አንስቶ መጸለይ ሰውን ለጠብ ያነሳሳል ማለት አይደለም። በጀርመኗ ላይፕዚግ፣ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሰላም ጸሎት ይደረግ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ከጸሎቱ የወጡትን ጨምሮ 70 ሺህ ያህል ሰው የያኔውን የምሥራቅ ጀርመን አገዛዝ ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ ደም አልፈሰሰም። ብዙዎች ሻማ ይዘው ነበር፤ አንዱ እጅ ሻማውን ይዞ ሌላው ከነፋስ ሲከልል ድንጋይ የሚያነሳ እጅ አይተርፍም።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር የማን ኃጢአት እንዳመጣው ለመናገር የሚቸኩሉ አሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሰዎች የጊዜውን ወሬ ይዘው፣ ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ለኢየሱስ ሲነግሩት፣ እርሱ ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎችም ጨምሮ አነሳና ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለሆኑ እንዳልሆነ ተናገረ። የንስሐውን ጥሪ ለሰሚዎቹ ለራሳቸው መለሰው። ነቢዩ ሙሐመድም ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለእሱ ሞት ነው አሉ። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ ነግረው ወደ ሰላት ጠሯቸው። በራሳቸው ሐዘን ቀን እንኳ!

እንዴት ይደረግ ለሚል ሰው በመካከለኛው አሜሪካ የኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ የሆነችውን የሳን ሳልቫዶርን የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮን አነሳለሁ። እሑድ እሑድ የዕለቱን ንባብ ካብራሩ በኋላ በሳምንቱ ውስጥ የተገደሉትንና የታፈኑትን እያነሱ ይናገሩ ነበር። ስብከታቸው በሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር ሌላ ቦታ የማይነገረውን ሕዝቡ ከእሳቸው ይሰማል። የልጇን አስከሬን እንኳ ላላገኘች እናት ስሙ በቅዳሴ መሐል ሲጠራ መስማት ምን እንደሆነ አስቡት። ማርች 24 ቀን 1980 እሳቸውም ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ።

ከመሪዎቻችን ያን ያህል ድፍረት የሚጠይቅ ነገር አልፈልግም። ከጸሎቱ በፊት የተረጋገጠውን ዜና በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩን፤ ቦታውን፣ ከታወቀም የሰዎቹን ስም ይጥሩ። ዘመድ እዚያ ያለው ካለ ይጠይቁ። በማዶው ወገን ልጇን ያጣችውም እናት እንዳትረሳ። ያልተጣራ ወሬ ከስልክ አንስቶ ምእመን ፊት ማንበብ ግን በፈጣሪ ፊት በሐሰት መመስከር ነውና ይቅር።

እናንተንም የምለምነው አለ። የሟቾችን ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ቤተሰብ ሲፈቅድ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የኖሩበትን መንደር ጻፉልን። ከወር ከሁለት ወር በኋላም ተመልሳችሁ የተረፉት ምን ላይ እንዳሉ አሳውቁን፤ ዜናው ከፊት ገጽ ሲወርድ ከጸሎታችንም አብሮ እየወረደ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ