ሰኒዬ፣ ሳትቆጪ አንብቢው

ሰኒዬ፣

ሰላም ነሽ? በቃ፣ ጠፋሁ። ይቅር በይኝ። ሰበብ ልደረድር ብዬ ነበር፣ ግን ሰበቤን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቦስተን ያው ነው፣ ብርዱም ሥራውም። ባለቤቴም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቫዮሊኒስቷን ሚሼል ኦክሌርን ታውቂያታለሽ? እኔ አላውቃትም ነበር። ያኔ ካሴት እየተዋዋስን ስንሰማ ስሟ ሲነሳ ትዝ አይለኝም። የነገረችኝ የልጄ የሊያ የቫዮሊን አስተማሪ ናት፤ እዚሁ ከተማ ኦክሌር ጋ ተምራለች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን አስተኝቼ ማታ ማታ የምሰማው እሷን ሆኗል። መጀመሪያ ሹበርቱን ስሚው፣ ከፒያኒስቷ ዤኔቪዬቭ ዧ ጋር የተቀዳውን። ከዚያ የብራምስን ኮንቼርቶ። ምንም አታስመስልም። አንቺ «ማልቀስ የማይወድ ቫዮሊን» የምትይው ዓይነት።

የፓሪስ ልጅ ናት፣ በፈረንጆቹ የ1924። ካስተማሯት አንዱ ዡል ቡሽሪ ነው፣ ቫዮሊኒስቷን ዢኔት ኔቩን ያስተማረው። ሰውዬው በጦርነቱ ጊዜ አይሁድ ተማሪዎቹን ደብቆ አትርፏል፣ ይኼን ሳነብ ቫዮሊኑን ረስቼ ስለ እሱ ሳስብ አደርኩ። ሌላው አስተማሪዋ ቫዮሊኒስቱ ዣክ ቲቦ ነው። በ1943 ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች ቲቦና ፒያኒስቷ ማርጌሪት ሎንግ ውድድር አቋቋሙ፣ የመጀመሪያውን ዙር በቫዮሊን ያሸነፈችው ኦክሌር ናት፣ ገና ሃያ ሳይሞላት። በ1945 ደግሞ ጄኔቭ ላይ ደገመችው። (እኛ በዚያ ዕድሜያችን ፒያሳ ኬክ ቤት ነበርን፣ አላነሳውም።)

ከዚያ በ1960ዎቹ አደጋ ደረሰባት። መድረኩ ቀረ።

እዚህ ጋ ጽፌ ሳጠፋ፣ ጽፌ ሳጠፋ ነው የቆየሁት። ሰኒ፣ ስለ እጅሽ አላወራም፣ አስምለሽኛል። ግን ሴትዮዋ ፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ገብታ ለዓመታት አስተማረች። ስልሳን ካለፈች በኋላ ደግሞ አትላንቲክን ተሻግራ እዚህ ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ መጥታ እንደገና ማስተማሯን ቀጠለች። ቫዮሊኒስቱ ሎራን ኮርሲያ የእሷ ተማሪ ነው። ያረፈችው በ2005 ነው።

«ይቺ ደግሞ ልትሰብከኝ መጣች» እያልሽ ነው አይደል? ኧረ አልሰብክም! ማስተማሩ ለሴትዮዋ መጽናኛ ይሁን ፍቅር እኔ ምን አውቄ። የመጣሁት ልለምን ነው።

የሊያ አስተማሪ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ሌላ ሰው ሞከርን፣ ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። አሁን ቫዮሊኗን ከሳጥኑ የምታወጣው እኔ ስጮህባት ብቻ ነው፣ እና እንቅልፍ አሳጥቶኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ እንዲህ እያለ እንዴት እንደሚተው አውቀዋለሁ። እኔ የተውኩት አንቺን ከሰማሁ በኋላ ነው። ለአባቴ ሒሳብ በለጠብኝ አልኩት፣ ለአንቺም። ቅናት ነበር። ይኸው ተናገርኩት፣ አሁን እንዳትስቂ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ትሰሚያታለሽ? መጫወት አይጠበቅብሽም። ድሮም እኔን ስታስረጂኝ ቫዮሊን አታነሺም ነበር፤ እያንጎራጎርሽ ቀስቱን በጣትሽ አየር ላይ ትስዪልኝ ነበር፣ እና ከክፍሉ ትምህርት ይልቅ የሚገባኝ ያ ነበር። ሊያ አማርኛ ትሰማለች፣ መመለሱ ነው የሚያስቸግራት። ትከሻሽን አውርጂ ስትያት ታወርዳለች፣ ከዚያ ለምን ብላ ትከራከርሻለች። ግትር ናት። የምትወጃት ዓይነት ልጅ።

ክፍያውን ደግሞ... እንዴት ብዬ ላንሳው? ለሌላ ሰው የምከፍለውን ለአንቺ የማልከፍልበት ምክንያት የለም፣ በእህትነት ምናምን እያልሽ እንዳትጀምሪኝ። ካልፈለግሽም እምቢ በይ፣ አልቀየምሽም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ።

ሊያ የቪቫልዲውን ኤ ማይነር ኮንቼርቶ ስትጫወት ቀድቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ሦስተኛ ጣቷ ሁሌ ዝቅ ይላል፣ አስተማሪዋም ማረም ደክሟት ትታዋለች። ይኼን ሰምተሽ ዝም ማለት ከቻልሽ ሰኒ አይደለሽም።

ያንቺው ሄለን