መንጋቸውን ጥለው ያልሄዱት እረኛ

የተወደዳችሁ የኅብረታችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከሐሳቤ አልጠፉም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ አሰራቸው። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. አስተምረው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታሰሩ።

ከእኛ የሚጠየቀው ከዚህ በጣም ያንሳል። ሥራ ያጣ ወንድማችን የቤት ኪራይ ሲያቅተው «እንጸልይልሃለን» ብሎ መለያየት አይበቃም። ጤፉም ዘይቱም ተወዷል፣ አውቃለሁ፤ የሁላችንም ኪስ ሳስቷል። ግን ከተረፈን ብቻ የምንሰጥ ከሆነ ምኑን ተዋደድነው?

የተቸገረ ሰው የምታውቁ እሁድ ለዲያቆናቱ በጆሯቸው ንገሯቸው። ስሙ በጉባኤ አይጠራም።