የቴአትር ቤት ኃላፊ ልምምድ ላይ ይገኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በአንድ ቴአትር ቤት ለዓመታት የመድረክ መብራት ሠርቻለሁ። አንዴ አምፖል ተቃጠለ። የግዢው ደብዳቤ እስኪፈረም አንድ ወር ሙሉ የመድረኩ ግራ ጎን ጨለማ ነበር። ተዋንያኑ ወደ ቀኝ እየተጠጉ ተጫወቱ። ኃላፊው ይህን አላወቁም፤ አንድም ቀን ልምምድ ላይ አልተገኙማ! ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው የመጡ፣ ቴአትር የማያውቁ ሰው ናቸው።

እኛ እኮ እንዲህ አልነበርንም። የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ሎሬት ፀጋዬ ገብረመድኅን ሲመሩ ራሳቸው ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙትም ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ናቸው።

እባካችሁ፣ ኃላፊ ከመሾሙ በፊት ባለሙያዎቹ ይጠየቁ። መብራት ሠራተኛውም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድረክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ