ለደንበኞቻችን፦ ፓፓድን በቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት የተሰጠ ማብራሪያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ከሱቃችን የኡራድና የማሾ ዱቄት ገዝታችሁ ፓፓድ ለምትሠሩ

የኡራድ ዱቄት ከእኛ የሚወስዱ ደንበኞች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዱቄቱን የሚፈልጉት በሕንድ ምግብ ቤቶች ዋናው ምግብ እስኪደርስ ድረስ የሚቀርበውን፣ ሲነክሱት ኩርሽም የሚለውን ስስ ቂጣ፣ ማለትም ፓፓድን፣ በቤታቸው ለመሥራት ነው። እንቁላልም ሆነ ወተት የማይገባበት በመሆኑ በተለይ ጾም ሲቃረብ ፈላጊው ይበዛል። ይሁን እንጂ ዱቄቱን ከወሰዱት መካከል ጥቂት የማይባሉት ተመልሰው ሊጡ አልዳመጥ እንዳላቸው፣ ቂጣው ፀሐይ ላይ እንደተሰነጣጠቀ ወይም ዘይት ውስጥ ገብቶ ሳያብጥ እንደጠነከረ ይነግሩናል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በስልክ አጭር መልስ ከመስጠት ይልቅ ነገሩን ከሥሩ በጽሑፍ ማስረዳቱ የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ደብዳቤ አዘጋጅተናል።

በቅድሚያ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። ፓፓዱ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው ዘይቱ ወይም እሳቱ ላይ ነው። በእኛ እምነት ግን የፓፓድ ነገር የሚያልቀው እሳት ከማየቱ በፊት ነው፤ ሊጡ ምን ያህል ደረቅ ሆኖ እንደተቦካ፣ ቂጣው ምን ያህል ስስ ሆኖ እንደተዳመጠና ምን ያህል እርጥበት እንደቀረበት ታውቆ ከተሠራ፣ መጥበሱ የጥቂት ሰከንዶች ሥራ ነው።

ከዱቄቱ እንጀምር። ኡራድ የማሾ የቅርብ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ሲሆን ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ግን ነጭ ነው። ለፓፓድ የሚመረጠው ዱቄቱ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ስለሚያወጣና ይህም ሊጡን አያይዞ ሳይቀደድ እስከ ወረቀት ስስነት ድረስ እንዲሳብ ስለሚያደርገው ነው። የምስር ወይም የሽምብራ ዱቄት ይህ ጠባይ ስለሌለው፣ ብቻውን ሲዳመጥ ከጠርዙ መሰንጠቅ ይጀምራል። የማሾ ዱቄት በመካከል የሚገኝ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ለመዳመጥ ያስቸግራል፣ ከኡራድ ጋር ሲደባለቅ ግን ፓፓዱን ቀለል ያለና ይበልጥ ተሰባሪ ያደርገዋል። ለጀማሪ የምንመክረው አራት እጅ ኡራድ ለአንድ እጅ ማሾ ነው። ማሾ በሸዋ ሮቢትና በደቡብ ወሎ ቆላማ ቦታዎች በሰፊው የሚመረት በመሆኑ እሱን ለማግኘት አያስቸግርም። ዱቄቱ ቅርፊቱ ከወለቀለት ክክ የተፈጨና በጠባብ ወንፊት የተነፋ መሆን ይኖርበታል፤ አንዲት ሻካራ ፍንካች ቂጣው ሲሳሳ ቀዳዳ ለመክፈት ትበቃለችና።

በሕንድ አገር ይህ ምግብ አንድ ወጥ አይደለም። በራጃስታን በረሃማ ክፍል የምትገኘው ቢካኔር በደረቅ አየሯ ምክንያት በፓፓድ ሥራ ስሟ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ ድርቅ የሚቋቋም፣ በአካባቢው ቋንቋ «ሞት» የሚባል ትንሽ ጥራጥሬም ለፓፓድ ይውላል። በፑንጃብ የምትገኘው አምሪትሳር ደግሞ በደቃቁ ሳይሆን ገርደፍ ተደርጎ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በብዛት የገባበትን ታዘጋጃለች። ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ በታሚል ናዱ አፓላም፣ በኬራላ ፓፓዳም የሚባለው ቅመም የማይበዛበት፣ ትንሽና ዘይት ውስጥ ሲገባ ክብ ሆኖ የሚነፋ ነው፤ በኬራላ በሙዝ ቅጠል ላይ በሚቀርበው የበዓል ምግብም ሩዝና ክክ ላይ በእጅ ተፈርፍሮ ይበላል። በሲንድ ተወላጆች ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ውኃና ፓፓድ ነው። እኛ በዚህ ደብዳቤ የምናስረዳው የሰሜኑንና የምዕራቡን ዓይነት፣ ማለትም ቅመም ያለውንና በእሳት ላይም ሊጠበስ የሚችለውን ነው።

ብዙ ደንበኞቻችን የሚዘሉት፣ ነገር ግን ያለ እሱ ፓፓድ ፓፓድ የማይሆንበት ንጥረ ነገር ፓፓድ ካር ነው። ይህ ጥንት በረሃ ላይ ከሚበቅሉ ጨዋማ ቁጥቋጦዎች አመድ ይወጣ የነበረ፣ በዋነኛነት ሶዲየም ካርቦኔት የያዘ ጨው ነው። ሊጡን ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙን ወደ ቢጫነት ያደላዋል፣ ሲጠበስም እንዲያብጥ ያግዘዋል። ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳ ይተካዋል፤ ሆኖም ሶዳው ከጨው ጋር ውኃ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃዎች መፍላት ይኖርበታል፤ ሲፈላ ጋዙን እየለቀቀ ከፊሉ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ስለሚለወጥ፣ የሚፈለገውን ጠባይ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። የተነገረውን መጠን ማለፍ ግን አይገባም። ሶዳው የበዛበት ፓፓድ የሳሙና ጣዕም ይኖረዋል፣ ዘይት ውስጥም ሳይታሰብ ይቀላል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር በመሆኑ በዚህ ቦታ አያገለግልም።

አሁን ወደ መጠኑ እንለፍ። ለ400 ግራም የኡራድና ለ100 ግራም የማሾ ዱቄት 20 ግራም ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፓፓድ ካር ወይም ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገርደፍ ተደርጎ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ሩብ የሻይ ማንኪያ ሂንግ ያስፈልጋል። ሂንግ ሽታው የሚከብድ የተክል ሙጫ ሲሆን፣ ከሌለ ቢቀርም ፓፓዱ ይሠራል፤ ነጭ አዝሙድም ቢጨመር ጥሩ ይስማማዋል። ጨውና ሶዳው በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ውኃው ዱቄቱ ላይ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ሦስት አራተኛው ገብቶ ከታሸ በኋላ የቀረው በማንኪያ እየተለካ ይጨመራል። የሚፈለገው ሊጥ ከዳቦም ከሳምቡሳም ሊጥ የጠነከረ፣ በጣት ሲጫኑት እምቢ የሚል ነው። ለእጅ የሚመች ለስላሳ ሊጥ ከተገኘ ውኃው በዝቷል ማለት ነው፤ ይህም ሲዳመጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል።

እንዲህ የጠነከረ ሊጥ በእጅ ብቻ አይለፋም። በሕንድ ቤቶች ሊጡ ዘይት እየተቀባ በዘነዘና ይደበደባል፣ እየታጠፈ እንደገና ይደበደባል። በአገራችን ሙቀጫና ዘነዘና የሌለበት ቤት ብዙም ስለሌለ፣ በዚህ በኩል ደንበኞቻችን የሚጎድላቸው ዕቃ የለም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከተወቀጠ በኋላ ሊጡ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ ሲጎትቱትም ወዲያው ከመበጠስ ይልቅ ትንሽ ይለጠጣል። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ዘንግ መልክ ይድበልበልና በቢላዋ ሳይሆን በክር ይቆረጥ፤ ቢላዋ ሊጡን ይደፈጥጠዋል፣ ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ሲሳብ ግን ክቡን እንደጠበቀ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ 12 ግራም ገደማ ቢሆን ከዚህ ሊጥ ከ55 በላይ ፓፓድ ይወጣል።

መዳመጡ ትዕግሥት የሚጠይቅ ክፍል ነው። የ12 ግራሙ ቁራጭ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን ውፍረቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። መዳመጫው ከመሀል ወደ ጠርዝ ይሂድ፣ ቂጣውም በየጊዜው ይዙር። እንዳይጣበቅ ዱቄት መነስነስ የሚታየን ቀላል መፍትሔ ቢሆንም፣ የተነሰነሰው ዱቄት ኋላ ዘይቱ ውስጥ ይረግፍና ያርራል፤ ስለዚህ መዳመጫውን በጥቂት ዘይት ማሸት ይመረጣል። መሀሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም የሆነ ቂጣ መሀሉ ሲያር ጠርዙ ጥሬ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ይችላል፤ ግን አንመክርም። በሕንድ ፓፓድ ከጥንት ጀምሮ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሞቃታማ ወራት የጎረቤት ሴቶች ሰገነት ላይ ተሰብስበው የሚሠሩት ነው። ሊጃት ፓፓድ በሚል ስም የሚታወቀው የሴቶች ኅብረት ሥራ መጋቢት 15 ቀን 1959 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው፣ በቦምቤይ ጊርጋኦም በሚባለው ሰፈር ሰባት ሴቶች በ80 ሩፒ ብድር በሕንፃ ሰገነት ላይ ፓፓድ መዳመጥ በጀመሩ ጊዜ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ጃስዋንቲቤን ጃምናዳስ ፖፓት በ2021 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የአገሪቱን ሽልማት ተቀብለዋል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የአሠራራቸው ክፍፍል ነው፤ ሊጡ የሚቦካው በማዕከል ሲሆን፣ አባላቱ ሊጡን ወደየቤታቸው ወስደው ዳምጠውና አድርቀው ይመልሳሉ። ይህ አሠራር የሊጡን አንድነት የጠበቀ፣ ጊዜ የሚበላውን መዳመጥ ደግሞ ለብዙ እጅ ያከፋፈለ ነው። በቤትም አንዱ ሲቆርጥ፣ ሁለቱ ሲዳምጡ፣ ሌላው ሲያሰጣ ሊጡ ሳይደርቅ ሥራው ይጠናቀቃል።

ከሁሉ ይበልጥ ቅሬታ የሚቀርብልን በማድረቅ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። ፓፓድ ኩርሽም የሚለው በውስጡ የቀረችው ጥቂት እርጥበት በድንገተኛ ሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጣ ቂጣውን ስለምትነፋው ነው። እርጥበቱ ከበዛ እንፋሎቱ ከመንፋት ይልቅ ቂጣውን ይቀቅለዋል፣ ውጤቱም የማይታኘክ ነገር ይሆናል። ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ የሚነፋው ነገር ስለሌለ ሳያብጥ ያርራል፣ ሳይጠበስም በእጅ ውስጥ ይሰባበራል። ተገቢው መጠን ከ14 እስከ 15 በመቶ የሚሆን እርጥበት ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ በቤት ስለሌለ፣ በወጥ ቤት ሚዛን የሚሠራ ዘዴ እንጠቁማለን፤ ገና የተዳመጡ ጥቂት ፓፓዶችን መዝናችሁ አስጡ፣ በላይ በሰጠነው የውኃ መጠን ከተሠሩ 100 ግራሙ ወደ 77 ግራም ሲወርድ ደርሰዋል። ሚዛን ለሌለው፣ የደረሰ ፓፓድ ሲታጠፍ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ፀሐይ ኃይለኛ፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ይህ ጥሩ ቢመስልም ቂጣው በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጠርዙ ከመሀሉ ቀድሞ ደርቆ ይጠቀለላል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ነጠላ ወይም ሰፌድ ላይ ተደርጎ ጥላ ውስጥ እየተገላበጠ ጠፈፍ ይበል፤ ገና ለስለስ እንዳለ ተደራርቦ ከላዩ ቀላል ክብደት ይጫንበትና ዝርግ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አጭር ፀሐይ ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ውጭ ማስጣት የማይሞከር ስለሆነ፣ ኦቨን ያላችሁ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ሙቀት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ልታደርቁ ትችላላችሁ። የደረቀው ፓፓድ አየር በማያስገባ ዕቃ ለወራት ይቆያል፤ እርጥበት ከሳበ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማሳየት ነው።

ስለ መጥበሱ የምንለው አጭር ነው። ዘይቱ ከ180 እስከ 190 ዲግሪ ይሙቅ፤ ትንሽ የፓፓድ ስባሪ ሲጣልበት ወዲያው አብጦ ወደ ላይ ካልወጣ ገና ነው። አንድ በአንድ ይግባ፣ በመቆንጠጫ ተጫን ተደርጎ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ይውጣ። ስፋቱ ስለሚጨምር መጥበሻው ሰፊ ይሁን። ዘይት የማይፈልግ በከሰል ወይም በጋዝ እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ እያገላበጠ ሊጠብሰው ይችላል፤ በጋለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይም በተጠቀለለ ደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ መጥበስ ይቻላል፣ እንዲያውም እኛ ከዘይቱ ይልቅ ይህን እንመርጣለን፣ የኡራዱ ጣዕም ጎልቶ ስለሚሰማ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀለም ግን አይሰጠውም። የተጠበሰው ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደቆ ሲነሰነስበት ማሳላ ፓፓድ ይሆናል፤ ይህ ግን እንደተነሰነሰ መበላት አለበት።

የጨው መጠኑ ከሌላ ቂጣ ከፍ ያለ ስለሆነ የደም ግፊት ያለባችሁ መጠኑን ቀንሱ፤ ጨው ሲቀነስ የደረቀው ፓፓድ የመቆያ ጊዜ እንደሚያጥር ግን ይታወቅ። ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎችም በገበያ ላይ የሚገኘው የተፈጨ ሂንግ ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት የሚደባለቅ መሆኑንና የእኛም ወፍጮ በሌሎች ቀናት ስንዴ የሚፈጭበት መሆኑን እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

ከእኛ የሚወሰደው ዱቄት ማሸጊያው ላይ የተፈጨበት ቀን ተጽፎበታል። ከሦስት ወር ያለፈው ለወጥና ለሾርባ እንጂ ለፓፓድ እንዲውል አንመክርም። ቀኑ ሳያልፍ ሽታው የተለወጠ ወይም ነቀዝ የታየበት ዱቄት ከነማሸጊያው ከመጣልን እንለውጣለን። ፓፓድ ካር በ50 ግራም እየታሸገ ከዱቄቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ይገኛል፤ ሊጡን ራሳችሁ ከማቡካታችሁ በፊት ጥንካሬው ምን እንደሚመስል በእጃችሁ ለማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ብትመጡ ተቦክቶ የተቀመጠ ናሙና እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የጥራጥሬና የቅመማ ቅመም ማዘጋጃ ድርጅታችሁ