ካርታውን ከግድግዳ አውርደን መሬት ላይ እናንጥፈው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የካርታ ንባብና የአገራችንን ጂኦግራፊ ስለማስተማር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ የማስተምር የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያን የመሬት አቀማመጥ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እያስተማርኩ ነበር። ደጋው ቡናማ፣ ቆላው አረንጓዴ የተቀባበት፣ ሁላችንም ያደግንበት ካርታ ነው። ልጅቷ እጇን አወጣችና "መምህር፣ አፋር እንዲህ አረንጓዴ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን እዚያ ሄዶ አያርስም?" አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ቀደመኝ። አባቱ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። "ኧረ ውሸት ነው! አባዬ ከሚሌ በኋላ ጥላ የሚሆን ዛፍ እንኳ አይገኝም ይላል" አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ካርታውን አመነ፣ ግማሹ ሹፌሩን።

ካርታውም ሹፌሩም አልዋሹም። እንዲህ ባለው ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚናገረው ስለ ልምላሜ ሳይሆን ስለ ከፍታ ነው። ቦታው ዝቅ ባለ ቁጥር አረንጓዴ ይሆናል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በዓለም ላይ በሙቀቱ የታወቀ ቦታ ነው። በካርታው ላይ ግን መስክ ይመስላል። ዝናብ የሚጠግበው ደጋ ደግሞ የደረቀ አፈር መስሎ ቡናማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከካርታው ጥግ ባለችው ትንሽ ቁልፍ፣ ማለትም የቀለሞቹና የምልክቶቹ መግለጫ ላይ ተጽፏል። ቁልፏን እንዲያነቡ ያስተማራቸው ግን የለም። ልጆቻችን ካርታ ያያሉ እንጂ አያነቡም።

እኔ ራሴ የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ብዬ በቃሌ ይዤ ፈተና አልፌአለሁ። ዛሬ 4,550 ሜትር ገደማ ነው የሚባለው። ቁጥሩ ተስተካክሏል፤ ሽምደዳው ግን እንዳለ ነው። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የአዋሽን ርዝመት በኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። አዋሽ በየትኛው በኩል እንደሚፈስ በጣትህ አሳየኝ ብትሉት ይደናገራል።

የግድግዳው ነገርም አለ። "ሰሜን የት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ይቀስራሉ። ካርታውን ሁልጊዜ ተሰቅሎ ስለሚያዩት ሰሜን ለእነሱ "ላይ" ነው። ከዚያም "አባይ ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ እንዴት ሽቅብ ይወጣል?" ብለው ይጨነቃሉ። ጥያቄው የማሰብ ምልክት ነው። ውኃ ሽቅብ እንደማይሄድ ከቤታቸው ያውቃሉና።

አንድ ቀን ካርታውን አወረድኩና ሜዳ ላይ አነጠፍኩት። ንፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን በድንጋይ ያዝነው። ሰሜኑን ወደ ሰሜን ለማዞር ኮምፓስ አልነበረንም። ልጆቹ ግን አቅጣጫ ከቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለጸሎት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ። መስጊድ የሚሄዱት ወደ መካ ይዞራሉ፤ መካ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሲታይ ቀጥ ብሎ በስተሰሜን ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ምሥራቅን አሳየ፣ ሌላዋ ሰሜንን አሳየች፣ ሁለቱ ገጠሙ። ካርታውን በዚያው አዞርነው። ልጆቹ ዙሪያውን ቆሙ። አባይም ሽቅብ መውጣቱን አቆመ። ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ወደ ሱዳን ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት። ስለ ጣና ከፍታ፣ ስለ ሱዳን ሜዳ ዝቅታ ማውራት የቻልነው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ የወጣ ገንዘብ የለም። የክፍል ሰዓት ውስጥ ከክፍል መውጣት ብቻ ነው የጠየቀን። እሱ ራሱ ግን ቀላል አልነበረም፣ "ልጆቹን ለምን ሜዳ ላይ ታዞራቸዋለህ?" የሚል አለቃ ሁልጊዜ አይጠፋም። በመምህሩ መምሪያ ላይ "ይህ ትምህርት ከክፍል ውጭ ይሰጣል" የሚል አንድ መስመር ብትጽፉልን ብዙ መምህር ይተነፍሳል።

ሜዳው ላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለናል። ጥላውን እንለካለን። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ፣ ደመናው ፋታ ከሰጠን፣ ወደ ደቡብ ይዞራል። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ አናታችን ላይ ስትመጣ ጥላው እንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በሌላ አገር ልጆች ልክ የተጻፈ መጽሐፍ "የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው" ይላል። አውሮፓ ላሉ ልጆች እውነት ነው። ከምድር ወገብ እምብዛም ለማይርቁት ለእኛ ልጆች አይሠራም።

ጥላው የሚጠፋው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ልጆቹ ሰዓቴ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ምክንያቱ የምንጠቀምበት ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ይህ መስመር ከእኛ ርቆ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ያልፋል። ፀሐይ እዚያ አናት ላይ ከደረሰች በኋላ ወደ እኛ ለመምጣት ጊዜ ይፈጅባታል። አገራችን ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ትዘረጋለች። 15 ዲግሪ ማለት አንድ ሰዓት ነው። ኦጋዴን ጫፍ ያለው ልጅ ፀሐይ ወጥታለት ቁርሱን ሲበላ ጋምቤላ ያለው ገና ጨለማ ውስጥ ነው። ይህን የነገርኳቸው ቀን የክፍሉን ዝምታ ብታዩት! ኬንትሮስ በቃል የሚያዝ ትርጉም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ልጅ ቁርስ ሆነላቸው።

ጭቃም እንጠቀማለን። የደጋውን ጉብታ፣ ስምጥ ሸለቆውን፣ ከዝዋይ እስከ ጫሞ የተደረደሩትን ሐይቆች ልጆቹ በጭቃ ይሠራሉ። ከዚያ ውኃ እናፈስበታለን። ውኃው የት እንደሚሄድ ራሱ ያሳያቸዋል። አንድ ዓመት ከወላጆች ጋር ተመካክረን አውቶብስ ተከራየንና ልጆቹን ጣርማበር ወሰድናቸው። ጉሙ ሲገለጥ ታች ያለው ቆላ ወለል ብሎ ታየ። እዚያ ቆመን በጭቃው የሠራነውን አስታወስኳቸው። ከኋላችን፣ በደብረ ብርሃን በኩል፣ የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ጀማ ወደ አባይ፣ አባይም ሜዲትራንያን ድረስ ይሄዳል። ከፊታችን የሚወርደው ውኃ ግን ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃ ላይ መብራት አመንጭቶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። "ታዲያ ውኃው የት ይገባል?" አለ አንዱ። ለሁለት ሳምንት የተነጋገርነው ስለዚህ ነው። ስለ ትነት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ሙቀት። አንድም ነገር ሸምድዱ አላልኳቸውም።

ሁሉም ትምህርት ቤት ጣርማበር አጠገቡ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ጅረት፣ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ጎርፍ የሚወስደው መንገድ አለው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ የሚሉት ቃላት ከአያቶቻችን የወረስናቸው የከፍታ ካርታ ናቸው። ገብስና ጤፍ፣ ማሽላና ግመል የት እንደሚገኙ የገጠር ልጅ ያውቃል። ያንን እውቀት ከወረቀቱ መስመር ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው ያጣው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አገሪቱ የራሷ የካርታ መሥሪያ ቤት አላት። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል። አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል የሚሸፍኑ በ1:50,000 ስኬል የተሠሩ ካርታዎች አሉት። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ወንዙ፣ መንደሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእግር መንገዱ ሳይቀር ይታያል። አንዱ የካርታ ቅጠል (ሉህ) በየአቅጣጫው ወደ 27 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ለብዙ ትምህርት ቤቶች ይበቃል። እያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሱ ያለበትን ቅጠል ይሰጠው። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ልጅ የመጀመሪያ ካርታውን ሲያነብ የሚፈልገው ራስ ዳሸንን አይደለም። ቤቱን ነው። ቤቱን ካገኘ በኋላ ወረዳውን፣ ከዚያ አገሩን ይፈልጋል።

የአገሪቱ ካርታም ይታደስልን። እኛ ክፍል የተሰቀለው ዘጠኝ ክልሎችን ነው የሚያሳየው። ዛሬ አሥራ ሁለት ናቸው። ልጆቹ በስልክ ያዩትና በግድግዳው ያዩት አልገጥም ሲላቸው መምህሩን ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ብዙ መምህራን ካርታ መስቀል የተዉት በወሰን ጉዳይ ጣጣ ውስጥ ላለመግባት ነው። ይገባኛል። ስለዚህ ክልልና ወሰን ከመምጣቱ በፊት ወንዝ፣ ተራራ፣ ሐይቅና መንገድ ብቻ ያለበት ትልቅ ካርታ ለታችኛው ክፍል ይዘጋጅ። ዋቢ ሸበሌን፣ ባሮን፣ ተከዜን፣ ኦሞን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ የአስተዳደር ካርታውን በኋላ በረጋ መንፈስ ያየዋል።

ፈተናውስ? መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና "ከፍተኛው ተራራ ማን ነው?" ብሎ እስከጠየቀ ድረስ እኔ እንጨት ብተክልም ወላጁ "መቼ ነው ለፈተና የምታዘጋጃቸው?" ይለኛል። በምትኩ አንድ ትንሽ ንድፍ ካርታ ይቅረብ። ወንዝ፣ ቁልቁለትና መንገድ ይኑረው። "ጎርፍ የማይነካው የትምህርት ቤት ቦታ የቱ ነው?" ይባል። ወይም ክርና ማስመሪያ ይዘው አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን ይለኩ። በ1:2,000,000 ካርታ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 320 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው የመኪና መንገድ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የአባይ በረሃ ያየ ልጅ መልሱን ያገኘዋል። የመማሪያ መጻሕፍቱን የሚያዘጋጁት የክልል ቢሮዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ማዕቀፉ ግን ከእናንተ ስለሚወጣ ነው ለእናንተ የጻፍኩት።

በመምህራን ኮሌጆችም አንድ ነገር ይታሰብበት። ብዙዎቻችን ካርታ ማንበብ ሳንማር ነው ካርታ የምናስተምረው። ስለ ከፍታ መስመሮች በቲዎሪ ተምረን ወረቀቱን ይዞ አንድ ኮረብታ የወጣ መምህር ጥቂት ነው። ለአካባቢ ሳይንስ ሠልጣኞች ሁለት ቀን፣ አንድ ካርታና አንድ ኮረብታ ይበቃል።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ አፕ ታክሲ ስንጠራ ነጥቡ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ እያለ ሹፌሩ ደውሎ "የት ጋ ነህ?" ይላል፤ ተሳፋሪውም "ከአደባባዩ ወረድ ብሎ" ይላል። ሁለቱም ካርታው በእጃቸው ነው። ሁለቱም በእኛ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው።

ከመካከላችሁ አንድ ሰው በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ወደ እኛ ብቅ ቢል ደስ ይለናል። ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ ልጆቹ ጥላው የሚጠፋውን እንጨት ያሳዩዋችኋል። ምክንያቱንም እነሱ ያስረዷችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር

ግልባጭ፦
ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ትምህርት ቢሮዎች