አልኮልን መሳብ ከመጠጣት የባሰ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አልኮል በሚወጡ ጽሑፎች የሚነሳው የሚጠጣው ብቻ ነው። በእንፋሎት የሚሳበው ይዘነጋል። ስለሱ ግን «አያወፍርም፣ ጉበት አይነካም፣ በትንፋሽ ምርመራ አይታወቅም» እየተባለ ይወራል። ሦስቱም ሐሰት ናቸው፤ የሚያምናቸው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የተጠጣ አልኮል ቀስ ብሎ ነው ደም የሚቀላቀለው። ጥቂቱ ጨጓራና ጉበት ላይ ይቀራል፤ ምግብ ካለ ይበልጥ ይዘገያል፤ ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የተሳበው ይህን ሁሉ ይዘልላል። ከሳንባ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ አንጎል፣ በሰከንዶች ውስጥ።

ትልቁ አደጋ ማስመለስ ላይ ነው። ከልክ በላይ የጠጣ ሰው ሲያስመልስ ገና ደም ያልገባው አልኮል አብሮ ይወጣል። የሳበ ሰው ቢያስመልስም የሚወጣለት አልኮል የለም፤ ሁሉም ደሙ ውስጥ ነው። መጠኑንም አያውቅም። ብርጭቆ ይቆጠራል፤ ስንቱ ጭጋግ ሳንባው ውስጥ እንደቀረና ስንቱ ተመልሶ እንደወጣ ግን በምን ይቆጠራል?

ጉበትም አያመልጥም። ደም እየዞረ በጉበት ያልፋልና አልኮሉን የሚያቃጥለው ያው ጉበት ነው፤ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ብቻ። ደም የገባው እያንዳንዱ ግራም 7 ኪሎካሎሪ አለው፣ በየትም ይግባ። የትንፋሽ መመርመሪያውም የሚለካው ከሳንባ የሚወጣውን አልኮል ነው፤ አፍ ውስጥ እንፋሎት ከቀረ እንዲያውም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በአሜሪካ «ያለ ፈሳሽ አልኮል» የተባለ መሣሪያ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ከለከሉት። ቤት ውስጥ የሚሞከረው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንፋሎቱ በክብሪት ብልጭታ ሊያያዝ ይችላል፤ እሳት ላይ ማሞቅ ፊትን ለቃጠሎ መስጠት ነው። አንዳንዶች አልኮሉን ለማትነን የሚጨምሩት ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ ቆዳና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የሚተነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተዘጋ ክፍል ያፍናል፤ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ጠርሙሱ ይፈነዳል። አልኮሉን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ አየር በፓምፕ የተሞላ ጠርሙስም እንዲሁ ሊፈነዳ ይችላል። እንፋሎቱ ራሱ የአፍንጫንና የመተንፈሻ ቧንቧን ሽፋን ያደርቃል፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ሳኒታይዘር ወይም የጽዳት አልኮል የሚስቡም አሉ። ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ካለበት በሳንባም ገብቶ ዓይን ያሳውራል፤ የማየት ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ዘግይቶ ስለሆነ «ደህና ነኝ» ማለቱ ዋስትና አይደለም።

አንድ ሰው ተጠርቶ ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ። በጎኑ አስተኝቶ፣ ልብስ ደርቦለት፣ አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን መከታተል ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጣት ከቶ ማስመለስ አይጠቅሙትም፤ ይጎዱታል። ሐኪሙ ሲመጣ አልኮሉ እንደተሳበ ይነገረው፤ የሳኒታይዘሩ ዕቃም ይሰጠው፤ የሜታኖል መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ዓይን ሳይጎዳ በፊት ሲጀመር ነው።